የፋቂው ደጅ

ከደብረ ወርቅ በታች፣ ከሁለት ወንዝ መሀል፣
ሽታው ቀድሞ ወጥቶ እንግዳ የሚቀበል፣
አንለይ የሚባል ቁርበት ፋቂ ነበር፤
ስሙ «አንለይ» ሆኖ፣ ቤቱ ከሰው ድንበር።

መሪጌታ ጥበቡን አንድ ቀን ደፍሬ፣
ጠየቅኋቸው እንዲህ፣ ድምፄን አሳጥሬ፦
«ሦስት ሺህ ሰው ባንድ ጧት መንግሥቱን ሲወርስ፣
በየት በኩል አለፈ፣ ደጃፉ ሳይፈርስ?»

ሳቁና ሳላቸው። «በሩን ተወው» አሉ፤
«ቅጠሉን አይጥ በልቶት ጎድሏል መሀሉ።
ሂድና ካንለይ ቤት የፍየል ቆዳ አምጣ፤
ብሩን እንዳትጥለው። በል ተነሥ፣ በል ውጣ።»

ወረድሁ። ቁልቁለቱ የመስከረም ጭቃ ነው።
አንለይ ይፍቃል፣ ላቡን በክንዱ ይጠርገው።
ቆዳው ተወጥሯል፣ ዙሪያው ተበሳስቶ፤
ብርሃን ያሳልፋል እንደ መስኮት፣ ሳስቶ።

«ውሃ ልስጥህ፣ ልጄ? ደክሞሃል» አለና፣
ቅሉን ዘረጋልኝ፣ ሦስቴ አጠበና።
«አልጠማኝም» አልሁት። ጉሮሮዬ ደርቋል።
እናቴ ነግራኛለች፦ «ከዚያ ቤት የቀመሰ ያልቃል።»
እሱ አልተቀየመም። ውሃውን ደፋው፤ ለምዷል።

«ምን ይጻፍበታል?» አለኝ ቀና ብሎ።
እኔም ተረክሁለት፣ ምላሴ ቸኩሎ፦
ለበዓል የመጣው የየአገሩ ሰው፣
ዓሣ አጥማጅ ሲናገር ልቡን እንደ ወጋው፤
ቅኔ ቤት ያልዋለ፣ መረብ የሚጠግን፣
አፉ እንዴት እሳት እንደ ሆነ ያን ቀን፤
«ምን እናድርግ?» ሲሉ ባንድ አፍ ተጨንቀው፣
ጌታና ሎሌው ባንድ ውሃ ተጠምቀው፣
ማሳውን የሸጠው ዋጋውን አምጥቶ፣
ላጣው እንደ ሰጠ፣ ድሀ ከዚያ ጠፍቶ።
ከዚያ አይጥ የበላው፣ የጎደለው ስፍራ፦
ጴጥሮስ ወደ ባሕሩ ሲወርድ ለሥራ፣
ብዙ ቀን ማደሩን ስምዖን ከሚሉት፣
ከአንድ ቁርበት ፋቂ፣ ከባሕር ጥግ ቤት።

መፋቂያው ሳተ።

«ከማን ቤት ነው ያልኸኝ?» «ከፋቂ።» «አትቀልድ።»
«ተጽፏል፣ እውነት ነው።» ላቡ ሲወርድ ሲወርድ፣
ዝም አለ። ኋላ ግን እንደ ሕፃን ጠየቀኝ፦
«ምን በላ? በምን ጠጣ? ይህን አልነገርኸኝ።
ሽታውስ? ከደጅ ላይ ፊቱን አላዞረ?
ከዚያው ከቁርበቱ ላይ ተኝቶ አደረ?»
እኔ ምን ልበለው? መጽሐፉ ዝም ይላል።
የደፋው ውሃ ግን ከእግሬ ሥር ይፈሳል።

ቆዳውን ጠቅልዬ ዳገቱን ወጣሁት፤
ለየኔታ ሁሉን ዘርዝሬ አወራሁት።
«ውሃውንስ?» አሉኝ። መሬት መሬት አየሁ።
ባንዲት ቃል ያን ማታ ዕድሜ ልኬን ተቀጣሁ፦
«የጠየቅኸኝ በር ነው፤ ቅል የሚያህል ነበር።»
ሌላ ሳይጨምሩ መቅረጽ ያዙ ብዕር።

ያ ቅጠል ተጽፎ፣ ተጠርዞ፣ ተደጉሶ፣
መቅደስ ገባ በክብር፣ ቀይ ሐር ለብሶ።
የአንለይ ፍየል ገባች፤ አንለይ ከደጅ ቀረ፣
ከወይራው ሥር ቆሞ ሲሰማ ነበረ።

ዛሬ ንፍቅ ቄስ ነኝ፤ ያን ገጽ አነባለሁ፤
ፋቂው ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣
ከቅጥሩ እንዲሻገር።
እሱ ሞቷል፤ ዘጠኝ ክረምት አልፎበታል፤
መቃብሩ ከቅጥሩ ወዲያ ሣር በቅሎበታል።

ከፋቂው ቃል አጠገብ፣ ከኅዳጉ ጫፍ ላይ፣
አለች አንዲት ቀዳዳ፣ ብርሃን የምታሳይ፤
ያን ዕለት መፋቂያው የሳተባት ናት።
መሪጌታም ሲጽፉ ዙሪያዋን ዞሩላት።
ጣቴ እዚያ ሲደርስ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ፣
ያ ቅል ይታየኛል፣ ከወዲያ አጮልቆ፣
ሦስት ጊዜ ታጥቦ።