ያደረ ቃል

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ላውንደሪው ውስጥ ነኝ፤
ከአንድ ከንዱራ ኪስ ወረቀት አገኘኝ።
የስብሰባ ንግግር፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣
ከዳሩ ባንዲት ቃል በቀይ የተዘለፈ፦
«ሪሃሽ»።

ሸምሱን ጠየቅሁት። ካውያውን ሳይለቅ
በሰባራ ዐረብኛ ፈታው ሳይጨነቅ፦
«ያደረ ሐሳብ ነው፤ ትናንት የበሰለ፣
ዛሬ ተከታትፎ ትኩስ ነኝ እያለ።
ስለ ራሱ ግን ማንም ብሎት አያውቅ፤
ለሌላ ሰው ነው ቃሉ።»

«ፍርፍር በለኛ!» ስል ሳቅ አመለጠኝ።
ፍርፍር ግን፣ ወላሂ፣ ትናንቱን አይክድም፤
ቀኑን ፍቆ፣ ሽቶ ነስንሶ አይሄድም።
ወረቀቱን ባየው፣
ዓመተ ምሕረቱ በነጭ ቀለም ተደፍኖ
ባዲስ ተጽፎበታል።

ማታ፣ ከተደራራቢው አልጋ ላይኛው ላይ ሆኜ
ለእናቴ ድምፅ ላክሁ፦
«እማ፣ ለመጪው ዓረፋ እዚያው ነኝ፣ አለሁ፤
ጣራውን ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ።»
ጣቴ ሲስት ያምናውን ነካሁ።
ያው።
የካቻምናውም ያው፤
ሳሌ እንኳ ከቦታው አልተነቃነቀ።

መልሷ መጣ። «እልል!» ትላለች፣
ዘሐራን ባጥር እየተጣራች፣
ገና ዛሬ እንደሰማች።
እኔ ያደረ አሞቅሁ፤
እሷ ትኩስ ብላ በላች።