እስከ ሦስት

ከነብራስካ ወርዶ ዌንዴል ፕሮሃስካ
በርባንክ ሲደርስ ስቱዲዮው ስሙን በስንዝር ለካ፤
ረዝሟል አለና ከወገቡ ቆርጦ
«ሃስ» አለው ባጭሩ፣ ቅንጣቢውን መርጦ።
ይህ ሁሉ ለፖስተር፣ ለቀለም ቁጠባ፤
ዌንዴል ሃስ ግን ፖስተር ላይ አንድም ቀን አልገባ።

አርባ አንድ ጊዜ ሞተ።
ሦስቴ ከጣሪያ ላይ፣ አንዴ ከፈረስ ገንዳ፣
አንዴም አራት ንጉሥ ይዞ በካርታ ገበታ
ሊዘረጋው ሲል ነው በጥይት የተመታ።
ያልሞተ ዕለት ደግሞ የሆቴል ጸሐፊ፣
ዳኛ፣ ባቡር ነጂ፣ ባንኩን አስዘራፊ።
ካሜራው ለጀግናው ፈረስ ተጠግቶ
ጥርስ ሲቆጥርለት፣
ለዌንዴል በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አየለት።

ሐኪም ሲሆን ግን፣ እጁን እያደረቀ
ከመኝታ ክፍል ሲወጣ፣
መርዶውን ከአፉ በጥድፊያ አያወጣም።
ዝም ይላል። እስከ ሦስት ይቆጥራል።
ከዚያ ነው ቃሉ የሚመጣ።

ቬልማ ከወጥ ቤት መሳቢያ ደብተር አላት፤
በእርሳስ ትጽፋለች፦
ማክሰኞ። ሸሪፍ። ሁለት ዐረፍተ ነገር።
ሐሙስ። አስከሬን። ዝናብ ስለነበር ጭማሪ አለው።
ዓርብ። ምንም።
ሰኞ። ምንም። ጥርሱን አመመው።

አንድ ቅዳሜ ግሌንዴል፣ የሾርባ ጣሳ ሲመርጥ፣
አንዲት ሴት ክንዱን ያዘች፦ «አወቅሁህ! ምን ይደረግ፣
ዱቡክ፣ ዋናው መንገድ፣ መድኃኒት ቤት ያለህ!
የእናቴን ሳል ያዳንከው፣ ምን እንደሁ ቀላቅለህ!»
ዌንዴል ዱቡክን በባቡር መስኮት እንኳ አያውቃትም፤
ግን ድርሻ ድርሻ ነው፣ የመጣን አይመልስም።
መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደ፦
«ሳሉስ ተመለሰባቸው?»
«ሞተች» አለችው፣ «በመጋቢት።»
ባርኔጣውን አወለቀ።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
«ሂሳባቸውን ሁልጊዜ በሽርፍራፊ ሳንቲም ነበር የሚከፍሉት፤
እኔም እየቆጠርኩ ነበር የማዋራቸው።»
ሴትዮዋ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፤
እውነት ነበረ መሰለኝ፣ እናቷን አገኘች።
በዚያ ዓመት ከሠራው ይህን የሚያህል የለም።
ቬልማ መዘገበች፦
ቅዳሜ። መድኃኒት ሻጭ። ክፍያ የለም።

አርባ አንዴ ሞቶ፣ አርባ አንዴ ተነሥቶ፣
ሱሪውን አራግፎ፣ ሳንዱዊች ጠይቆ በልቶ፣
አርባ ሁለተኛው ያለ ልምምድ መጣ።
ሐኪሙ ልጅ እግር ከክፍሉ ወጣ፤
ጫማውን እያየ ቃሉን አጣደፈ፦
«የምንችለውን ሁሉ... አዝናለሁ... አለፈ።»

ቬልማ እንባ አልመጣላትም፤ ተቆጣች እንጂ፦
«እንዲህ አይባልም፣ ልጄ።
ተመልሰህ ግባ። በሩን ዝጋው።
ስትወጣ ፊቴን እየኝ። መቁጠር አትርሳ።»

ልጁ ምን እንደነካው እንጃ፣ ገባ።
በሩ እንደገና ተከፈተ።
አያት።
ከንፈሩ ሲቆጥር ይታያል፤ አንድ፣ ሁለት፤
ሦስት ሳይል፣ ቬልማ ወንበር ፈለገች።