ከስምንት ፊደል ያላነሰ

ስምንት ሰዓት ከቀን፤ ከዚራ ላይ ወበቅ፣
ማራገቢያው ዞሮ ያንኑ አየር ሲያሞቅ፣
ከአሮጌው ዴስክቶፕ ጀርባ ተንበርክኬ፣
ጣቴን በአቧራው ውስጥ በዳበሳ ልኬ፣
አውራ ጣት የምታህል አንቴና ሰካሁ።
ጠበቅሁ።
ነቀልሁ፤ እፍ ብዬ መለስኋት፤ ጠበቅሁ።
«ድራይቨር የለም» አለ፣ በቢጫ ምልክት።
ብቻዬን ሳቅሁበት፤
የምድር ባቡር ልጅ በዚህ አይደነግጥ፦
ሾፌሩስ ሞልቶናል፣ ባቡሩ ነው የጠፋው፣
ሐዲዱን ፍየል ነው የሚመላለሰው።

ድራይቨሩን በፍላሽ ያመጣልኝ ሊባን ነው፣
የጎረቤቴ ልጅ፣ የግንቤ ላይ ሰው፤
ማታ ማታ እግሩን ወደ ግቢዬ አንጠልጥሎ፣
ፊቱ በስልኩ መብራት ሰማያዊ መስሎ፣
ጅቡቲ ካለች እናቱ ጋር የሚያወራ
በኔ መስመር፣ በኔ ሜጋባይት፣ በኔ ኪሳራ።
እሱ እንደሆነ አውቃለሁ።
እንደማውቅም ያውቃል።
ቁጭ አለና «እትዬ፣ እዚህ ጋ ይጫኑ» ይላል።

ዝርዝር ወረደ። ከላይ፦ «ክፍት»።
እስከዛሬ የኖርነው እንዲሁ ነው፣ ክፍት፤
ድሬ በሙቀት ወራት በር ዘግቶ ማን ይተኛል?
ፍራሹ ግቢ ይወጣል፣
የአንዱ ሕልም የሌላውን አንሶላ ይገልጣል።
ግን የሰው ውል ነው ይህ ማሽን የሚይዘው፣
የሰው ፍቺ፣ የሰው ዕዳ፣ ማኅተም ሳያርፍበት ማንም የማያየው።
«ጠንካራውን ይምረጡ» አለ። «ፊደሉን ፈጭቶ ነው የሚልከው፤
አየር ላይ የቀለበ ዱቄት ብቻ ነው የሚያገኘው፤
ቁልፉ ያለው ብቻ መልሶ እህል ያደርገው።»

አባቴ ትዝ አለኝ፣ ቴሌግራፍ ክፍል፣ በነጭ ካኒቴራ፣
ጣቱ ከሽንሌ እስከ ደወሌ ሲንጠራራ፤
«ብርቱካን ተጭኗል» ካለ፣ ደሞዝ መጣ ነው፤
«ብርቱካን ረገፈ» ካለ፣ ጎርፍ ሐዲዱን በላው።
አንዴ እናቴ ሰምታ፣ ዘንቢል ይዛ ጣቢያ ሄደች፤
ባዶዋን ተመለሰች።

ስለዚህ ጣቢያ ጻፍሁ፦ አዲጋላ፣ በላቲን።
«ከስምንት ፊደል ያላነሰ» አለኝ።
በጣቴ ቆጠርሁ፦ ሰባት።
ሽንሌም ሰባት።
አይሻ አምስት ናት፣ ደወሌ ስድስት።
ያን ሁሉ በረሃ የሚያቋርጥ መስመር፣
አንዲት ጣቢያ የለውም ለብቻዋ በር የምትዘጋ?
ሁለቱን አገጣጠምሁ፣ ፉርጎ በፉርጎ እንደሚቀጠል።
የትኞቹን? እሱ ይቅር።
ስጽፍ ሊባን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣
ማንም ሳይለው፤
ልብስ የምትቀይር ሴት ክፍል የገባ ይመስል፣
የካላንደሩን ቀኖች ይቆጥር ጀመረ።

መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። ተቆለፈ።
ሃምሳ ብር ዘረጋሁ፤ አልወስድም ብሎ አለፈ።

ማታ ፍራሼን አወጣሁ። በሬ እንደወትሮው ክፍት።
ግንቡ ላይ ማንም የለም፤
ድመት እንኳ አልወጣችበት።
ተገላበጥሁ፤ አንሶላው ላቤን ጠጣ፣
አምስት ሰዓት ሆነ፣ እንቅልፍ አልመጣ።
ተነስቼ ግንቡን በጣቴ መታሁ፦
አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፤
አባቴ ያላስተማረኝን ኮድ፣ ዝም ብዬ።
«አቤት፣ እትዬ?»
የመጀመሪያዋን ጣቢያ ነገርሁት፣ በሹክሹክታ።
ሁለተኛዋንም።
ትንሽ ቆየ። ከግንቡ ማዶ ጨለማው ሰማያዊ ሆነ።
«እትዬ፣ ሲጀምር
በትልቁ ፊደል ነው በትንሹ?»