ማን ነህ?

ከቱሉ ዲምቱ አልፎ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ዱቄት ፋብሪካ አለ፣ ግድግዳው የነቃ።
አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ፣ በሩ ላይ ሰንሰለት፣
ጋሽ ጉተማ በካፖርት፣ ጋሽ ጉተማ ሌሊት።
ሁለት ውሾች አሉ፤ አንደኛው ይነክሳል፣
ሌላው መጮህ እንጂ መንከስ መች ያውቅበታል።

በዚህ ሁሉ መሃል፣ በሂሳብ ክፍል ውስጥ፣
ዱቄት የለበሰች ኮምፒውተር፣ ሌት ተቀን ስታፈጥ።
የገጠማት ልጅ ከቦሌ፣ መመላለስ ታክቶት፣
«ከሩቅ እጠግናታለሁ» ብሎ፣ ስውር በር ትቶላት፣
ቁልፉን የባለቤቱን ልጅ ስም አድርጎት፣
ከስሙ ኋላ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
ሄደ። ዓመት አለፈው።
በሩ ግን ክፍት ነው።

ሐሙስ ማታ ዘርፌ ሻርፗን ስትደርብ፣
ቀስቷን አየቻት፣ ብቻዋን ስትሄድ፣ ስትቀርብ።
ማውሱ ዝም እንዳለ፣ ወንበሩ ባዶ እንዳለ፣
«አራት መቶ ኩንታል ይውጣ» የሚል ፊደል በቀለ።
ለማን? ለአቶ እንትና።
በየትኛው መኪና?
ሁሉም ተሞልቷል፤ ማኅተሙም አለበት።
ማሽኗ ምን ታድርግ? ታዛዥ ናት፣ አዘዟት።
ድምፁን አትለይም፣ ፊቱን አላየችው፣
ጌታም ሆነ ሌባ፣ ቃሉን ካወቀ እሺ ነው የምትለው።

ዘርፌ አልጮኸችም። «ደክሞኝ ነው» አለች፣
መብራቱን አጥፍታ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ተሳቢ መጣ፣ ረጅም፣
ሾፌሩ ወረቀት ይዟል፣ ጥርት ያለ፣ ሕጋዊም።
ጋሽ ጉተማ ባትሪውን ፊቱ ላይ አበራ፤
ማንበብ ብዙ አይወድም፣ ሰው ነው የሚያጣራ።
«ማን ነህ?»
«ወረቀቱ ላይ አለ።»
«እሱን አይደለም። ማን ነህ? ማን ያውቅሃል?» አለ።
«ላዘዘህ ሰው ደውል፣ ድምፁን ልስማው።» ሾፌሩ አንገቱን ደፋ፤
ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ተሳቢው ጨለማ ውስጥ ጠፋ።

ዓርብ እኔ ተጠራሁ። ሻንጣዬን አንግቤ፣
ኮረኮንቹን በባጃጅ፣ አቧራውን ጠግቤ።
የሩቁን በር ነቀልኩት፣ የልጁን ስም ሻርኩ፣
ማን መቼ እንደገባ የሚጽፍ መዝገብ ተከልኩ።
ሁለተኛ ቁልፍ አለ፤ ዘርፌ ስልክ ላይ ቁጥር ይመጣል፣
ያለዚያ፣ ባለቤቱም ቢሆን፣ ደጅ ያድራል።
(አልወደደውም። ይልመደው።)

ማታ ስወጣ፣ በሩ ጋ፣ አልኩት ለጋሽ ጉተማ፣
«ያንተን ጥያቄ ነው ያስተማርኳት፤ ቀን ሆነ ጨለማ
‹ማን ነህ?› ሳትል አትከፍትም።»
ካፖርቱን ሰብሰብ አደረገ፣ ውሻውን ገፋ በእግሩ፣
አሰበ፤ ዝም አለ፤ አየ ወደ በሩ፦
«እሷ ግን» አለኝ፣ «ስንት ነው የሚከፍሏት በወሩ?»