ተሰርዞ ያልተለቀቀ

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ቸርችል ጎዳና፣ ሰባተኛው ፎቅ፤
ጃኬት ደርቤያለሁ፤ ለማሽን የመጣ ብርድ ሰው አያውቅ።
አርባ ሰባት ጥቅል ወረደ፣ ተፈታ፣
በየቦታው ገባ አዲሱ፣ በአሮጌው ፈንታ።
አንድ ስህተት የለም። "አለቀ" ብዬ ለትርሲት ልጽፍ ስል ቆመብኝ ጣቴ፤
መቼ አለቀና! ያለቀው ዲስኩ ላይ ነው፣ በመዝገብ ቤቴ።

የሚሮጡት አያውቁም። ሲነቁ ያነበቡትን
በቃል እንደያዙ፣ ዛሬም ይደግማሉ ያንን።
ፋይሉ ተሰርዟል፣ ስሙ ከማህደር ወጥቷል፤
አንድ እጅ ስላለቀቀው ግን፣ ስም አልባ ሆኖ ይኖራል።

"አሮጌውን ማን ይዟል?" ብዬ ጠየቅሁ፤
ሃያ ሦስት ስም መጣ። አንድ በአንድ አነበብሁ፣
ሳነብም ከታች በሩን የሚጠብቁትን ጋሽ ቱፋን አሰብሁ።

ዶሮ ማነቂያ ነበር ቤታቸው። ፈረሰ።
ገላን ምትክ ተሰጣቸው፤ ቁልፉም ካርታውም እጃቸው ደረሰ።
ጠዋት ከሥራ ሲወጡ ግን እግራቸው ሽቅብ ወደ ፒያሳ ያቀናል፤
አዲሱ ሣር ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ።
"አይ እግር!" ይላሉ።
ወያላውስ ቢሆን? የሌለ ሕንፃ ስም ጠርቶ "ወራጅ አለ?" ይላል፤
ደግሞም ወራጅ አለ!

ዌብ ሰርቨሩን አስነሣሁት፤ ዐይኑን ጨፍኖ ገለጠ።
የፖስታውን፤ የሰዓቱን፤ የማተሚያውን (ማን ያትማል በዚህ ሌሊት?)
ዳታቤዙ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ተቆረጠ፦
አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ቀን ሳያሸልብ የሠራ፣
"ቁም" ስለው ይሰማል፤ "ተነሥ" ስለው እንቢ ቢል ማንን ልጣራ?

ትርሲት ደወለች፦ "ሊነጋ ነው፤ አጥፍተህ አብራው ሁሉን!"
አጥፍቶ ማብራትማ...
ሰፈርም እንዲያ ነው የሚያድሱልን።

መታሁት። አንድ። ሁለት። ዘጠኝ ሰከንድ፣
ሽበት የሚያበቅል፣ ጉልበት የሚያርድ።
አረንጓዴ።

አንድ ብቻ ቀረ፤ ሁሉን ከሁሉ የሚያነጋግረው፤
እሱን የነካ ሁሉን ይጥላል። "ለእሑድ" ብዬ ጽፌ ተውሁት እንደነበረው።

ሲነጋ ወረድሁ። ጋሽ ቱፋ ጋቢያቸውን አጥፈው በሩ ላይ ቆመዋል፤
እግራቸው ግን ጀምሯል።
"ታክሲው በታች በኩል ነው" ልላቸው አፌን ከፈትሁ፤
ዘጋሁት።
ቦርሳዬን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዙሬ
ሽቅቡን አብሬያቸው ወጣሁ።