እስኪለይለት

ካስፒያን ባሕር ላይ፣ በብረት እግር ቆሞ፣
መድረኩ ያቃስታል ነፋስ ተሸክሞ።
አጋሳፍ በጓንቱ ቧንቧውን ዘወረ፣
ድፍድፉ ከነውሃው ጠርሙስ ውስጥ ሠፈረ።

ከኋላው ተጋድሟል ረጅሙ የብረት ጋን፣
ዘይትና ውሃን ሊዳኝ፣ ሊሰማ ክሳቸውን።
አይቸኩል፣ አይቆጣ፤ ጊዜ ነው ጉልበቱ፣
ከባዱ ወደ ታች፣ ቀላሉ ከአናቱ።
ነዳጁ ሲሞላ ግድቡን ዘሎ ይሄዳል፣
ውሃው በታች በር ወጥቶ ወደ ማጣሪያ ይወርዳል።

አጋሳፍ ጠርሙሱን ከመብራት አስጠጋ፣
ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ ሊነጋ ሲል፣ ሳይነጋ፣
ታች ውሃው ጠራ፤ ላይ ዘይቱ ጠቆረ፤
መሃሉ ግን፣ ጣት የሚያህል፣ እንዳኮረፈ ቀረ፤
ከዚያም ያልሆነ፣ ከዚህም፣
ቢያሞቁት፣ መድኃኒት ቢያንጠባጥቡበት፣ የማይታረቅ፣ የማይፋታም።

ዘምፊራ ትናንት በስልክ፦ «ሃያ ዓመት ጠበቅሁ፤
ሁለት ሳምንት ባል፣ ሁለት ሳምንት ባሕር፣ ሰለቸሁ።
ወይ ጠቅልለህ ግባ፣ ወይ እዚያው ኑርና
ይለይልን» አለች፤ መስመሩ ጠፋና
ባሕሩ ብቻ ቀረ፣ ከጆሮው፣ እንደገና።

የፈረቃውን መዝገብ ከፍቶ በእርሳስ ጻፈበት፦
«ውሃ ሰባ በመቶ። ነዳጅ ሃያ ሁለት።»
ለስምንቱ ግን፣ ለመሃሉ፣ ቃል ፈልጎ አጣለት፤
ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ጻፈ፦ «ይጠበቅ፤ እስኪለይለት።»