ቀለም ይዋሻል

አባቴ ታይስቶ፣ የኮትካ ወደብ ሰው፣
አርባ ዓመት ሙሉ፣ ዝገት ነው የፋቀው።
መርከብ የባሕር ጨው፣ ሆዱን ሲግጠው ከርሞ
ወደብ ሲጠጋ፣ እንደ ሰው ታሞ፣
እሱ መሰላሉን፣ ከጎኑ አቁሞ
በመዶሻው አናት፣ ኳ ኳ ያደርገዋል፣
ጆሮውን ለጥፎ፣ ሆዱን ያደምጠዋል።
«ቀለም ይዋሻል ልጄ፣ ቀለሙን አትመኚ፤
ስታንኳኪ ስሚ፣ ድምፁን ብቻ እመኚ።»

እኔ አይላ ልጁ፣ ሥራዬ ደም ማንበብ፣
ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ስቆጥር ስመዘግብ፤
ስም የሌለው ብልቃጥ፣ እስካፉ ተሞልቶ፣
ሲሽከረከር ውሎ፣ ቢጫው ከቀዩ ተለይቶ።
በየዓመቱ አንዴ፣ የእሱም ደም ይመጣል፤
«ኮሌስትሮል፦ ደህና»፣ ማሽኑ ይለዋል።
እኔም በሰማያዊ ቀለም፣ ከግርጌው ፈረምኩ፣
የአባቴን ቃል ረስቼ፣ ቀለሙን አመንኩ።

ማሽኑ መቁጠር እንጂ፣ መዛጉን አያይም፤
ስንት ነው ይላል እንጂ፣ ምን ሆነ አይልም።
ጠብታዋ ስብ ግን፣ ከደም ጅረት ወጥታ
በስሩ ግድግዳ፣ በስንጥቁ ገብታ
እዚያው ከመሸባት፣ ያው ደጉ ኦክስጅን
ዞሮ ይነክሳታል፣ እንደ መርከብ ጎን።
ነጭ ለባሾቹ፣ የደም ዘበኞቹ
የዛገችን ስብ አይተው፣ እየተሯሯጡ መጡ፣
ውጠው፣ ውጠው፣ ውጠው፣ መውጣት ተስኗቸው
አረፋ ሆነው ቀሩ፤ ግንቡ ውስጥ ሆነ መቀበሪያቸው።
በላዩም ስስ ቆዳ፣ ልክ እንደ አዲስ ቀለም፣
ሸፍኖት ይኖራል፤ ለዓመታት አያምም።

እናቴ ሌምፒ፣ ዝገት ይከለክላል የተባለ ቫይታሚን
ጥቁር ዳቦው አጠገብ፣ ጠዋት ጠዋት ሁለት ክኒን።
እሱም በሲጋራ ጭስ፣ በቡናው ያወርደው ነበረ።
ክኒኑ አለቀ፤ ዝገቱ ግን ሥራውን መች አቋረጠ፣ መች አደረ?

የካቲት፣ ማክሰኞ፣ ባሕሩ እንደ ድንጋይ፣
መዶሻው በእጁ፣ ሰባተኛው እርከን ላይ።
ኳ አለ መዶሻው። ኳ አለ። ከዚያ ዝም።
ጓደኞቹ ምሳ መስሏቸው፣ ቀና ብለው አላዩም።

ሐኪሟ ሰይያ፣ ከፍታ አሳየችኝ፤ ከማካሮኒ የቀጠነ ስር፣
ውስጡ ቢጫ ገንፎ፤ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ፣ በረጋ ደም ታሽጎ ነበር።
ጥፍር የምታህል ስንጥቅ። በቃ፣ ያቺው ናት።
ልብን፣ ልብ ሳንላት።

ዘንድሮ ወንድሜ ኢልሞ፣ አርባ ሁለት ሞላው፤
በአባታችን መሰላል፣ በአባታችን ሲጋራ፣ ያንኑ ጎን ነው የሚፍቀው።
«ደሜን አንብበሽ የለ? ደህና ነው ብለሽ የለ?» ይለኛል እየሳቀ፣
ጭሱ ከጥርሱ መሃል፣ ቀስ እያለ እየዘለቀ።
እኔ ግን ወረቀቱን፣ አጥፌ ኪሴ ከትቼ፣
ደረቱን በጣቴ አጥንት፣ ኳ ኳ አድርጌ መትቼ፣
ጆሮዬን ለጠፍኩኝ፣ ነፋሱ እየገፋኝ።
«ምን ይላል?» ሳቁን ውጦ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።